የባይሳ ሻርፕና የጠፉት ዐሥራ አራት ሰከንዶች

ለሱሉልታ፣ ለቡራዩና ለሰበታ ሰፊ ሕዝብ፣ ከጫንጮ ለሚሳፈር፣ በገፈርሳ ውሃ ዳር ለሚያዘግም ሁሉ! ቁመቱ ከነጫማው አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት፣ ክብደቱ ዝናብ ሲመታው ብቻ ሃምሳ ኪሎ የሚሞላ ባይሳ የተባለ ዜጋ፣ ማንም ሳይመርጠውና ማንም ሳይቃወመው፣ የባዶ ቦታዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ ሆኖ መሾሙ በዚህ ጽሑፍ ታውጇል። አዋጁ የሚጸናው ከታወጀበት ቀን ሳይሆን ተሿሚው ከተሳሳተበት ቀን ጀምሮ ነው። ማኅተም የለውም፤ ማኅተም ያዡ ለምሳ እንደወጣ ነው።

ታሪክ ጸሐፊ የጄኔራሉን ፈረስ ቀለም ሳይቀር ይመዘግባል። የተራ አስከባሪን ጉሮሮ የሚመዘግብ ግን የለም። ባይሳ ኮምፒውተር ከመንካቱ በፊት አራት ዓመት ሙሉ የሱሉልታ ታክሲ ተራ አስከባሪ ነበር። ከማጠሩ የተነሣ ሰው መሀል ሲቆም አይታይም፤ «አዲሱ ገበያ! አዲሱ ገበያ!» የሚለው ድምፁ ብቻ ከመሬት የሚወጣ ይመስል ነበር። ለቦታው እንግዳ የሆነ ተሳፋሪ ድምፁን ፍለጋ ጎማ ሥር ሲያጎነብስ ታይቷል።

በዚያ ዘመን ባይሳ ሁለት የማይናወጡ መርሆዎች ነበሩት። አንደኛው፣ ክፍት ወንበር አይኑር የሚል ነው። አንድ ሰው የጎደለው ታክሲ ካለ የመጣው ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይገባል። በዚህ የተነሣ አምስት ሆኖ የመጣ ቤተሰብ ባይሳ እጅ ከወደቀ አምስት ሆኖ አይሳፈርም። አባት በፊተኛው ታክሲ ጋቢና፣ እናት በሁለተኛው የኋላ ጥግ፣ ትልቋ ልጅ ከአንድ በግ ነጋዴ ጎን፣ የቀሩት ሁለቱ የትም። አዲሱ ገበያ ሲደርሱ አባትየው መንገድ ዳር ቆሞ ቤተሰቡን ከየታክሲው እየቆጠረ ይሰበስባል። ባይሳ ግን ይኮራ ነበር። አንድም ወንበር ባዶ አልሄደማ!

ሁለተኛው መርሆ የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው፤ ባይሳ ግን ቅራኔውን አላየውም። ይመጣል የተባለ ሰው ወንበሩ አይነካም። ባይሳ ሰማያዊ ሻርፕ ነበረችው። ሻርፗ ጋቢና ላይ ከተነጠፈች ያ ጋቢና ተይዟል ማለት ነው፤ የወረዳ ሹም ቢመጣ ቆሞ ይጠብቃል። ሻርፗ በአብዛኛው የምትነጠፈው ለአንድ ሰው ነበር፤ ሬሐና ለምትባል የጨርቅ ነጋዴ ልጅ። ጠዋት ጠዋት ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ አባቷ ሱቅ ትወርዳለች። ባይሳ ለሁለት ዓመት ጋቢና ይዞላታል። በሁለት ዓመት ውስጥ የነገራት ነገር ቢኖር «ግቢ፣ ተይዟል» የሚል ብቻ ነው። ይህንንም ፍቅር ነው ይላሉ።

ከዚያ የሬሐና ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ሰበታ ገባ። ባይሳ አልሰማም። በማግሥቱ ሻርፗን አነጠፈ። በሣልስቱም አነጠፈ። ሾፌሮቹ አጉረመረሙ፤ እርሱ ግን «ትመጣለች» አለ። እንዲህ እየተባለ ያቺ ሰማያዊ ሻርፕ፣ ቀበቶ ታስሮላት፣ ለብቻዋ ጋቢና ተቀምጣ፣ ሃያ አንድ ቀን አዲሱ ገበያ ደርሳ ተመለሰች። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሾፌሮቹ ተሰብስበው ባይሳን በአንድ ድምፅ አባረሩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ጠላ ቤት ገብቶ ያለቅስ ነበር። ባይሳ ቡራዩ ሄዶ ኮሌጅ ገባ። ሳይቸግረው ፕሮግራም መጻፍ ተማረ፤ ሳይታሰብም ጎበዝ ወጣው። ሲመረቅ ጃዕፈር ቀጠረው። ጃዕፈር ማለት ቤተሰቡ ቡራዩ ላይ ከምስማር እስከ ቴሌቪዥን የሚነግድ፣ ሆዱ ከራሱ ቀድሞ ስብሰባ የሚገባ፣ ደግ ግን አፈ ቅቤ ሰው ነው። ከሱቁ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ከፍቶ «ንቁ ዓይን» የሚባል ሣጥን ማሠራት ጀመረ። ካሜራ ይሰካበታል፤ ሣጥኑ የታየውን ሁሉ ሃርድ ዲስክ ላይ ይቀዳል። በሣጥኑ ክዳን ላይ «አያንቀላፋም» ተብሎ ተጽፏል። የሣጥኑን ፕሮግራም የጻፈው ባይሳ ነው፤ በተለይም ቪዲዮው ዲስኩ ላይ የት የት ይቀመጥ የሚለውን ክፍል።

ሃርድ ዲስክ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ በጣም ትልቅ ታክሲ ነው። ፋይል ማለት ደግሞ አብሮ መቀመጥ የሚፈልግ ቤተሰብ ነው። ዲስኩ ውስጥ የምትሮጥ አንዲት ቀጭን ክንድ አለች፤ የምታነበውም የምትጽፈውም እሷ ናት። ቤተሰቡ ጎን ለጎን ከተቀመጠ ክንዷ አንድ ቦታ ቆማ ሁሉንም ታስተናግዳለች። ቤተሰቡ ከተበታተነ ግን አንዱን እዚህ፣ ሌላውን እዚያ ስትፈልግ ውላ ታድራለች። ባለሙያዎች ፍራግመንቴሽን ይሉታል፤ ሲሉትም አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። በአማርኛ መበታተን ነው፤ ቀና የሚያደርግ ነገር የለውም።

ባይሳ ይህን ታክሲ የመጫን ሥልጣን ሲሰጠው ምን አደረገ? የሚያውቀውን አደረገ። ክፍት ወንበር አይኑር፤ የመጣው ቁራጭ ሁሉ ባገኘው የመጀመሪያ ክፍተት ይግባ ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም፣ ለሚመጣው ቪዲዮ አስቀድሞ ሰፊ ቦታ ይያዝለት፤ ባለቤቱ እስኪመጣ ማንም አይንካው ብሎ ጻፈ። ሻርፕ የሚል ቃል አልጻፈም። የጻፈው ግን ሻርፕ ነው። ጃዕፈር አንብቦ ባይገባውም ጨብጦት፣ «አንተ ሰው፣ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም» አለው። እውነቱን ነበር።

አሁን ወደ ሱሉልታ እንመለስ። እዚያ ከኮረብታው በታች፣ ሯጮች ጠዋት ጠዋት እንደ ወፍ በሚያርፉበት ሜዳ ላይ፣ «ሰንበሌጥ» የሚባል የሩጫ ክለብ አለ። ክለቡ ለአገር አቋራጭ ውድድር ስምንት ሴቶች ሊመርጥ እሑድ ዕለት ማጣሪያ አደረገ፤ በሜዳው ዙሪያ ስምንት ዙር። ከሩቁ ጫፍ ባሕር ዛፎቹ አጠገብ ያለው መታጠፊያ ጭቃ ስለሆነ ዳኛ መቆም አልወደደም። ስለዚህ ግንድ ላይ ካሜራ ታሰረ፤ ካሜራው የሚገባው ደግሞ ክለቡ ከክረምት ጀምሮ በሚጠቀምበት ንቁ ዓይን ነው። ለስሙ ያህል ግን የመታጠፊያው ዳኛ የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ፍቅረሥላሴ ነበሩ፤ ጃንጥላ ይዘው።

ኡርጂ የጫንጮ ልጅ ናት። ዓመት ሙሉ የሮጠችው ለዚህ እሑድ ነበር። ሦስተኛ ወጣች። ማክሰኞ ስም ዝርዝሩ የክለቡ በር ላይ ሲለጠፍ ግን ሦስተኛው ስም ላይ መስመር ተሰምሮበታል። ቪዲዮው ሲታይ በስድስተኛው ዙር ኡርጂ ወደ መታጠፊያው አምስተኛ ሆና ትመጣለች፤ ድንገት ምስሉ ይዘላል፤ ኡርጂ ከመታጠፊያው ማዶ ሦስተኛ ሆና ትታያለች። መሀል ላይ ዐሥራ አራት ሰከንድ የለም። ኮሚቴው መደምደሚያ አላጣም፤ ልጅቷ በዛፎቹ መሀል አቋርጣለች። አቶ ፍቅረሥላሴም በዘገባቸው ላይ «በዐይኔ በብረቱ አየሁ» ብለው ፈረሙ። ቅሬታ ካለ እስከ ቅዳሜ ይቅረብ፤ ቅዳሜ ዝርዝሩ ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ ቀጣዩ ማጣሪያ የሚመጣው ዓመት ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኡርጂ ከሱሉልታ ቡራዩ ድረስ እንጦጦን በጀርባ ዞራ በሩጫ መጣች። ታክሲ አጥታ አይደለም፤ የረቡዕ ልምምዷ ስለሆነ ነው። ፎቁን ወጥታ ስትገባ የምታለከልከው እሷ ሳትሆን ደረጃውን ከፊቷ የወጣው ጃዕፈር ነበር። ወንበር ሳበላት፤ አልተቀመጠችም። የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

ጃዕፈር ስለ ሣጥኑ ክብር ረዥም ንግግር አደረገ። ንቁ ዓይን አያንቀላፋም፤ አይዋሽም፤ ለማንም አያዳላም፤ ደንበኛ የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን እምነት ነው። ባይሳም ደግፎት ተናገረ። ምናልባት ገመዱ ላልቶ ይሆናል፤ ምናልባት ጭጋግ ይሆናል፤ ምናልባት ጅብ ገመዱን ነክሶት ይሆናል። የፕሮግራም ሰው ሲባል ጅብን ሳይቀር ይጠረጥራል፤ ራሱን ብቻ አይጠረጥርም።

ኡርጂ የሱሪዋን እግር ሰበሰበች። ጉልበቷ ላይ የደረቀ ቁስል አለ።

«እኔ መታጠፊያው ላይ ወድቄ ተነሥቻለሁ፤ ይኸው» አለች። «ዕቃህ ይህን አይቷል ወይስ አላየም?»

«ያላየው ነገር የለም» አለ ባይሳ በኩራት።

«እንግዲያው የት አደረገው?»

  ኡርጂ ውሃ ጠጥታ፣ ጃዕፈርን «ገለቶሚ» ብላ አመስግና፣ በመጣችበት መንገድ በሩጫ ተመለሰች።

ጥያቄው ባይሳ ጆሮ ውስጥ ቀረ። የት አደረገው? ሐሙስ ጠዋት እሱን እያሰላሰለ ሳለ ጃዕፈር ሌላ ጣጣ አመጣበት። ሰበታ የሚገኝ አንድ የጨርቅ ሱቅ ሣጥኑ ሞላ እያለ አስቸግሯል፤ ሄደህ እየው። ባይሳ ላፕቶፑን አንጠልጥሎ በአየር ጤና በኩል ሰበታ ገባ።

ሱቁ እስከ ጣሪያው በጨርቅ ጥቅል የተሞላ ነው። ባለቤቷ ከባንኮኒው ጀርባ ሆና ለአንዲት ደንበኛ ትለካለች። ባይሳ «ከንቁ ዓይን ነው የመጣሁት» ሲል ሴትየዋ ቀና ሳትል ሜትሯን አስቀመጠች።

«ይህን ድምፅ ዐውቀዋለሁ» አለች። ከዚያ ወደ ታች ተመለከተችና አገኘችው።

ሬሐና ነበረች። ሁለት ልጆች ወልዳ፣ ወፍራ፣ አምሮባት። ባይሳ ምን ይበል? «ግቢ፣ ተይዟል» ከማለት ሌላ ለዚህች ሴት የተዘጋጀ ቃል አልነበረውም። እሷ ግን ወሬ አልጠፋባትም። መጀመሪያ ሣጥኑን ከሰሰች። ከአራት ቀን በላይ መያዝ አይችልም፤ ሞላሁ ይላል፤ ባለፈው ሳምንት ሌባ ገብቶ ቢሆን ካሜራው የሚያሳያት የትናንቱን ገበያ ነው። ባይሳ ላፕቶፑን ሰክቶ አየ። ዲስኩ ከዐሥር ዘጠኝ እጁ ባዶ ነው። ሣጥኑ ግን ሙሉ ነኝ ብሎ ድርቅ ብሏል፤ አዲሱን ቪዲዮም በቀረችው ጥቂት ቦታ ውስጥ እየቆራረጠ፣ እየጠቀጠቀ፣ አንዱን ደቂቃ መቶ ቦታ በትኖታል። ባይሳ ሣጥኑን ገለባበጠው፤ ጭንቅላቱን አከከ፤ እዚህ ገመድ የሚነክስ ጅብ እንኳ የለም።

ሬሐና ሻይ አቀረበችለትና አጠገቡ ቆመች።

«ሻርፗስ?» አለችው።

«የቷ ሻርፕ?»

«ባይሳ፣ ሰበታ ልንገባ ነው ብዬ ሦስት ጊዜ ነግሬሃለሁ። ሦስቴም ‹ግቢ፣ ተይዟል› አልከኝ። ከሄድኩ በኋላ ሦስት ሳምንት ጋቢናው ባዶውን ሄደ ሲሉኝ መጀመሪያ አዘንኩልህ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሳቅሁ። አንተ መያዝ ብቻ ነው የምታውቀው። መልቀቅ የሚባል ነገር ማን ይንገርህ?»

ባይሳ ሻዩን ሳይቀምስ አስቀመጠው። ስለ ሴትየዋ እያሰበ ነው ብሎ የሚገምት አንባቢ ካለ ይረፍ። ላፕቶፑን ወደ ራሱ አዞረ፤ በቲትሮንና በሻማ ጨርቅ መሀል ጎብጦ የገዛ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ያዝ የሚል ትእዛዝ አለ። ልቀቅ የሚለውን ፈለገ። እንደገና ፈለገ። የለም። ረስቶት አይደለም፤ ሲጽፍ ሊያስፈልግ ይችላል የሚል ሐሳብ ጭራሽ አልመጣለትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሣጥኑ በተነሣ ቁጥር ለሚመጣው ቪዲዮ ሰፊ ቦታ ይይዛል። ቪዲዮው በሰላም ካለቀ ቦታው የእሱ ይሆናል። መብራት ከጠፋ ግን ቪዲዮው እንደ ወጣ ይቀራል፤ መብራት ሲመጣ ሣጥኑ አዲስ ቦታ ይይዛል፤ አሮጌው ቦታ ከነሻርፑ፣ የማይመጣ እንግዳ ሲጠብቅ ይኖራል። መብራት በማይጠፋበት አገር ይህ ስሕተት ሺህ ዓመት ቢቆይ ማንም አያውቀውም ነበር። የእኛ መብራት ግን ሥራውን ያውቃል። በሬሐና ሣጥን ውስጥ ብቻ አራት መቶ ዐሥራ ሁለት የተያዙ ቦታዎች ተቆጠሩ። አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰማያዊ ሻርፕ፣ ቀበቶ ታስሮላቸው።

ስለ ሱሉልታው ሣጥን ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለው። ክንዷ በተበታተነው መሀል ስትሮጥ ጊዜ ካጠራት፣ የተረፈውን ምስል «ለጊዜው» በተያዘ ሰፊ ቦታ ላይ እንድትጥለው፣ ኋላ ጋብ ሲል ወደ ቦታው እንድትመልሰው አድርጎ ነበር የጻፈው። ከመመለሷ በፊት መብራት ከጠፋስ? ያቺ ትርፍራፊ ሻርፕ ሥር ትቀራለች። የለችም አትባል፤ አለች። አለች አትባል፤ ማንም መኖሯን አያውቅም። ኡርጂ የት አደረገው ላለችው መልሱ ይኸው ነበር። ሣጥኑ አልዋሸም፤ ያየውን ሸሽጎ ነው እንጂ።

ጃዕፈር ጋ ደወለ። ጃዕፈር በደስታ አቋረጠው፤ የሱሉልታውን ጉዳይ ጨርሶታል። ስማችን ከሚጠፋ ብሎ ክለቡ ጋ ደውሎ ቀዩን ቁልፍ ተጭነው ሣጥኑን ሙልጭ አድርገው እንዲያጸዱት ነግሯል፤ አዲስ ሆኖ ይጀምራል፤ ማን ያስታውሰዋል? ባይሳ በሰበታ አስፋልት ላይ ቆሞ፣ እንደ ድሮው፣ መንገደኛው ሁሉ ጎማ ሥር እስኪያጎነብስ ድረስ ጮኸ።

ከዚያ ወደ ሱሉልታ ደወለ። ስልኩን ያነሡት የኡርጂ አሠልጣኝ ወይዘሮ ገለቴ፣ ሁሉም እንደሚጠሯቸው አደ ገለቴ፣ ነበሩ፤ በወጣትነታቸው ሯጭ የነበሩ፣ አሁን ግን ሲቀመጡ ለመነሣት ስብሰባ የሚያስፈልጋቸው ሴት። ባይሳ እንዴት አደሩ እንኳ ሳይል «ሣጥኑን አጸዱት ወይ?» አለ።

«ሊያጸዱት ነበር» አሉ አደ ገለቴ።

«እና?»

«እና ተቀምጬበታለሁ። ልጄን ያባረረ ዕቃ ንጹሕ ሆኖ እንዲያድር አልፈልግም።»

«እባክዎ አደ ገለቴ፣ እስክመጣ እንዳይነሡ።»

«ማን ሊያስነሣኝ?» አሉና ዘጉት።

አዲሱ ገበያ ሲደርስ ለሱሉልታ የሚጭነው ታክሲ ሞልቷል። አንድ ወንበር ብቻ ቀርታለች፤ እሷም ላይ ቀይ ሻርፕ ተነጥፏል። ረዳቱ ተይዟል አለ። ባይሳ ሻርፑን አየ። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያከብር የኖረ ሰው ነው። ባለቤቱ የት ነው ብሎ ጠየቀ። ይመጣል ተባለ። መቼ ሄደ? ቅድም። ማን ነው? ተሳፋሪው ሁሉ ተያየ፤ የሚያውቅ የለም። ባይሳ ሰዓቱን አወጣና አምስት ደቂቃ እንጠብቅ አለ፤ ተሳፋሪው አጉረመረመ፤ አምስት ደቂቃ ሞላ። ከዚያ ሻርፑን አንሥቶ፣ አጣጥፎ፣ ለረዳቱ በክብር አስረክቦ ተቀመጠ። ሰማይ አልወደቀም። ኋላ ያሉ አንድ ሽማግሌ ብቻ «ኦቦ፣ ይህን ያህል ክብረ በዓል ለምን አስፈለገ?» አሉት። እሳቸው አያውቁም፤ ባይሳ ግን ለፕሮግራሙ የጎደለውን መስመር በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘው። ጠይቅ፣ ጥቂት ጠብቅ፣ ካልመጣ አንሣ።

ክለቡ ቢሮ ሲደርስ አደ ገለቴ ሣጥኑ ላይ እንዳሉ ናቸው። ከፊታቸው የኮሚቴው ጸሐፊ ውብአየሁ፣ ከስልክ የተቀበለውን መመሪያ በወረቀት ጽፎ ይዞ፣ ቀዩ ቁልፍ ያለበትን የሣጥኑን ጎን በአሠልጣኟ ቀሚስ ሥር ለማየት በጨዋነት አንገቱን ያጣምማል። አደ ገለቴ ባይሳን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ረዥም ጉዞ አልነበረም። የላፕቶፑን ቦርሳ ካዩ በኋላ ብቻ በሁለት ሰው ድጋፍ ተነሡ።

ባይሳ በመጀመሪያ ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ቀዳ፤ ዋናውን አልነካም። ከዚያ በቅጂው ላይ የተያዙትን ቦታዎች አንድ በአንድ፣ ሻርፕ እየገለጠ አየ። ከክረምት ጀምሮ የጠፋ ሁሉ እዚያ አለ። ሜዳውን የምታቋርጥ የላም ግማሽ፤ ሌላው ግማሿ ኋላ ለብቻው ተገኘ። የሠርግ መኪኖች ግማሽ። ሙሽራው ያለባት መኪና የለችም። አደ ገለቴ መነጽራቸውን አድርገው ከኋላው ቆመዋል፤ ኡርጂ በር ላይ ቆማለች፤ ልብሷ ላይ ላብ ደርቋል። በማግሥቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በሁለት መቶ ሰባተኛው ሻርፕ ሥር፣ ጭቃ ታየ።

ዐሥራ አራቱ ሰከንዶች። ኡርጂ አምስተኛ ሆና ትመጣለች። እግሯ ይንሸራተታል፤ በጉልበቷ ትወድቃለች፤ መሬት እንዳልነካት ሁሉ ትነሣለች፤ በመታጠፊያው ውጭኛ በኩል ሁለት ሯጮችን ታልፋለች። ዛፍ አጠገብ አልደረሰችም። ዛፍ አጠገብ የደረሰ ግን አለ። ከኋላዋ፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል፣ የክለቡን ቱታ የለበሰ አንድ ሰው ጀርባውን ለሩጫው፣ ፊቱን ለግንዱ ሰጥቶ ቆሟል። አንድ እጁ ጃንጥላ ይዟል። ሌላው እጁ የያዘውን ካሜራው በጨዋነት አላሳየም። ሰውየው ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ ዐሥራ አራተኛው አልዞረም።

አደ ገለቴ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አቶ ፍቅረሥላሴ እውነታቸውን ነው» አሉ። «ዛፍ ውስጥ የገባ ሰው አለ።»

ቅዳሜ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ባይሳ ቪዲዮውን አሳየ።  ከዚያ አንድ አባል ነገሩ ይጣራ ዘንድ በድጋሚ ይታይ አለ። ታየ። ሌላው በዝግታ ይታይ አለ። በዝግታ ታየ፤ ዐሥራ አራቱ ሰከንድ ደቂቃ ሆነ። ሦስተኛው የጃንጥላውን ቀለም ለማጣራት ይጎላ ሲል አቶ ፍቅረሥላሴ የስብሰባ ሥነ ሥርዓት ተጣሰ ብለው ጠረጴዛ መቱ። ባይሳ ስለ ተያዙ ቦታዎች፣ ስለ መበታተን፣ ስለ መብራቱ አስረዳ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አርሜዋለሁ አለ። እውነትም አርሞታል። አሁን ሣጥኑ ቤተሰቡ ስንት እንደሆነ ሳይቆጥር አያስቀምጥም፤ ያስያዘ ካልመጣ ቦታው ይለቀቃል፤ መብራት በመጣ ቁጥር ሻርፕ ሁሉ ይፈተሻል፤ ሥሩ የቀረ ትርፍራፊ ካለ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። የሬሐና ሣጥን አሁን አርባ ቀን ይይዛል። ጃዕፈርም በክዳኑ ላይ «አያንቀላፋም» ከሚለው ሥር «አሁንማ ጭራሽ» ብሎ አስጽፏል።

ኮሚቴው መክሮ ተመለሰ። ውሳኔው ሦስት ነጥብ ነበረው፤ ውብአየሁ አነበበው። አንደኛ፣ አትሌት ኡርጂ ከማንኛውም ጥፋት ነጻ መሆኗ በአንድ ድምፅ ተረጋግጧል። ሁለተኛ፣ የመታጠፊያው ዳኛ ዘገባ «በዐይኔ በብረቱ» የሚለው ሐረግ ወጥቶለት ተሻሽሏል። ሦስተኛ፣ የስምንቱ ዝርዝር የተሟላ ስለሆነ አዲስ ስም ማስገባት አይቻልም።

አደ ገለቴ ዝርዝሩ ይነበብ አሉ። ተነበበ። በኡርጂ ቦታ ተከታዮቿ ከፍ ብለው ሰባት ስም። ስምንተኛው መስመር ላይ ስም የለም፤ «ተይዟል» ይላል። ለማን ተብሎ ተጠየቀ። ወደ ፊት ይገለጻል። መቼ ተያዘ? ከጥር ጀምሮ። ሴትየዋ ማጣሪያውን ሮጣለች? በሂደት ላይ ነው። ማን ናት? አባላቱ ተያዩ፤ ለእያንዳንዱ የሌላው ዘመድ መስላው ነበርና ማንም ማንንም አልጠየቀም።

ባይሳ ተነሣ። ከኋላ የተቀመጡት መነሣቱን ያወቁት ድምፁ ሲመጣ ነው።

«እኔ በዚህ ነገር ልምድ አለኝ» አለ። «ሦስት ሳምንት ጋቢና ይዤ ዐውቃለሁ። ስምንተኛዋ መጥታ ታውቃለች?»

 ዝርዝሩ ሳይዘጋ ጉዳዩ እስከ ማክሰኞ ይታያል ተብሎ ስብሰባው ተበተነ። ኡርጂ ወጥታ ጫማዋን አጠበቀችና ሜዳውን መዞር ጀመረች፤ ለማክሰኞ ሁለት ቀን ሙሉ አላት፤ ቁስሏም አልዳነም። ባይሳ አጥር ላይ ተደግፎ፣ አላፊ አግዳሚው ሳያየው፣ ዙሯን እየቆጠረላት ነው።

ወረቀቱ አሁንም በክለቡ በር ላይ ተለጥፏል። የኮሚቴ አባል ሆይ፣ ይህን እንደሚያነቡ ይታወቃል፤ ስምዎ አለበት እንደሆነ ለማየት ከመጨረሻው ጀምረው እንደሚያነቡም ይታወቃል። ስለዚህ ልመናው መጨረሻ ላይ ተቀመጠልዎ። ያስያዘችው አልመጣችም፤ አምስት ደቂቃው ከጥር ጀምሮ አልፏል፤ እስክሪብቶው በኪስዎ ነው፤ ልጅቷ ከደጅዎ እየሮጠች ናት። እባክዎ፣ ከስምንተኛው መስመር ላይ ያቺን ሻርፕ…